የአንበሳሜ ማሳና የአየርላንድ ድንች

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ከባሕር ዳር ተነሥተህ የዓባይን ድልድይ ተሻግረህ ፊትህን ወደ ጎንደር ብታደርግ፣ ጣና በግራህ በኩል አንዳንዴ ብቅ እያለ አንዳንዴም እየተሰወረ ይሸኝሃል። ዘንዘልማን አልፈህ የሐሙስን ቀን በስሟ ከያዘችው ከሐሙሲት ስትደርስ ግን ትልቁን መንገድ ትተህ ወደ ቀኝ ታጠፍ። ሐይቁን ከኋላህ ጥለህ ወደ ደራ ወረዳ መሐል ትገባለህ፤ የወረዳውም ከተማ አንበሳሜ ናት።

እንግዳ የሆነ ሰው ወደዚህ አገር ሲመጣ ስለ ጢስ ዓባይና ስለ ጣና ገዳማት ይጠይቃል እንጂ ስለ አንበሳሜ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። እኔም ዛሬ የማሳይህ ገዳም ወይም ፏፏቴ ሳይሆን ማሳ ነው። ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብለህ ከአንድ ጉብታ ላይ ብትቆም ጤፉ፣ ዳጉሳውና በቆሎው በየወሰኑ ተከፋፍሎ እንደ ገበጣ ጉድጓድ ተደርድሮ ታየዋለህ። እያንዳንዱ ወሰን የአንድ ወንድም ወይም የአንዲት እኅት ድርሻ ነው።

በዚያ ጉብታ ላይ አንድ አረጋዊ ገበሬ አገኘሁ። ሰላምታ ከተለዋወጥንና መምህር መሆኔን ከነገርኋቸው በኋላ በበትራቸው ወደ ማሳቸው እያመለከቱ፣ «ሦስት ጥማድ መሬት አለኝ፤ ልጆቼ አምስት ናቸው። መምህር፣ አንተ የተማርህ ነህና እስቲ አካፍልልኝ» አሉኝ። ጥማድ በአንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚታረስ መሬት ነው፤ በግምት የሄክታር ሩብ ይሆናል። ሒሳቡ ቀላል ነበር፤ መልሱን ለመናገር ግን አፌ ተሳሰረ።

ነገሩ የቆየ ታሪክ አለው። በቀድሞው በጌምድር አብዛኛው ገበሬ ባለርስት ነበር። ለባለጉልቱ ይገብራል፣ አስራት ይከፍላል፤ ነገር ግን በአባቱም በእናቱም በኩል ዘሩን ቆጥሮ ከአቅኚ አባቱ መሬት ድርሻውን መጠየቅ ይችላል። ስለዚህም «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ተባለ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ ከዓባይ ማዶ ያለው የጎጃም ገበሬ የሸፈተው ከገንዘቡ ይልቅ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ እንዳይነጠቅ ስለ ሠጋ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በክልላችን ሽግሽግ ተደረገ። ከዚያም የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ያለበት የይዞታ ደብተር ለገበሬው ተሰጠ። እኔና እኩዮቼ የተወለድነው ከሽግሽጉ በኋላ ስለሆነ የሚቀረን ነገር የወላጆቻችንን ድርሻ መካፈል ብቻ ነው።

የአረጋዊው ጥያቄ በክፍል ውስጥ የማስተምረውን የአየርላንድን ታሪክ አስታወሰኝና ተቀምጠን አወጋኋቸው። (ለአየርላንዱ ታሪክ የምጽፈው ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) የዚያ አገር ገበሬ ርስቱን በእንግሊዝ ጦር ተነጥቆ በአባቶቹ መሬት ላይ ጢሰኛ ሆነ። የያዛትን ቁራጭ መሬት ለልጆቹ ሲያካፍል፣ እነርሱም ለልጆቻቸው ሲያካፍሉ፣ ማሳው እየጠበበ ሄዶ በዚያች ላይ ቤተ ሰብ ሊያጠግብ የሚችለው ድንች ብቻ ሆነ። በ1845 ድንቹን በሽታ መታው። በተከታዮቹ ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረኀብና በበሽታ አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥም ባሕር ተሻግሮ ተሰደደ። በዚያው ጊዜ እህል በመርከብ እየተጫነ ወደ እንግሊዝ ይሄድ ነበር።

«ከዚያስ ዝም አሉ?» አሉኝ አረጋዊው። ዝም አላሉም። በ1879 የመሬት ማኅበር አቋቋሙ። በ1880 ሎክ ማስክ በሚባል ሐይቅ አጠገብ ቻርልስ ቦይኮት የተባለው የባለመሬቱ ወኪል ጢሰኞችን ሊያስለቅቅ በተነሣ ጊዜ የአገሩ ሰው ሁሉ አደመበት። ሠራተኞቹ ጥለውት ሄዱ፤ ባለሱቁ አልሸጥለትም አለ። ሰብሉን የሚሰበስቡ ሃምሳ ያህል ሰዎች ከሌላ አውራጃ መጡለት፤ እነርሱን ለመጠበቅ ግን አንድ ሺህ ያህል ወታደር አስፈለገ። በዓመቱ መጨረሻ ቦይኮት አገሩን ለቅቆ ሄደ፤ ስሙም በእንግሊዝኛ «ማደም» የሚል ትርጉም ይዞ ቀረ።

አረጋዊው ከት ብለው ሳቁ። «እሳት ከለከሉት በለኛ! ይኸማ የኛም አገር ፍርድ ነው» አሉ።

በ1903 የወጣው ሕግ ደግሞ ጢሰኛው ከመንግሥት ተበድሮ መሬቱን እንዲገዛ፣ ዕዳውንም በ68 ዓመት ተኩል ቀስ እያለ እንዲከፍል ፈቀደለት። ታሪኩን በዚህ ላይ በደስታ ልጨርስ ስል አረጋዊው አቋረጡኝ። «መሬቱንስ አገኙ፤ ልጆቹን ግን እንዴት አደረጓቸው?»

አንባቢ ሆይ፤ ከመጽሐፍ ይልቅ ገበሬ የሚጠይቀው ጥያቄ ይኸ ነው። ከረኀቡ በኋላ አየርላንዶች መሬት ማካፈል እየተዉ ሄዱ፤ ለአንዱ ልጅ ያወርሱና የቀሩት ወደ መርከብ ይሄዳሉ። ልጁ ወደ አሜሪካ በሚነሣበት ዋዜማ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ለሞተ ሰው እንደሚደረገው ሁሉ ሌሊቱን አብሮ ያነጋ ነበር፤ ዳግመኛ እንደማያዩት ያውቃሉና። በ1841 ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው የደሴቲቱ ሕዝብ በ1911 ወደ 4 ሚሊዮን 4 መቶ ሺህ ወረደ።

ይህን ስነግራቸው አረጋዊው ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ኋላም፣ «ትልቁ ልጄ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል። ሁለተኛው ባሕር ዳር ድንጋይ ይሸከማል። እኛስ ለቅሶውን መቼ ነው የምንቀመጠው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም ሙሉ መልስ አለኝ አልልህም። ነገር ግን ከአየርላንድ ታሪክ አንድ ነገር ተረድቻለሁ። መሬትን ለአራሹ መስጠት ትልቅ ፍትሕ ነው፤ መሬት ግን አይወልድም፤ ሰው ይወልዳል። ድርሻ የማይደርሰው ልጅ የሚያድርበት ሙያ፣ በአቅራቢያውም ሥራ ካልተዘጋጀለት፣ ወይ ማሳው እየተቆራረጠ ያልቃል፣ ወይ ልጁ ይሰደዳል። እኛ መምህራንም ለልጁ የምንሰጠው የምስክር ወረቀት ብቻ ከሆነ፣ ከሦስቱ ጥማድ ላይ ምንም አልጨመርንለትም።

ስንለያይ አረጋዊው ታናሽ ልጃቸው ስምንተኛ ክፍል መሆኗን ነገሩኝ። «የእርሷን ድርሻ ላንተ ሰጥቻለሁ፤ አደራ» አሉኝ። እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ በዚያ መንገድ ስታልፍ ከሐሙሲት ወደ ቀኝ ታጠፍና ያን ማሳ እይ፤ ወሰኖቹንም ቁጠራቸው።