ቶናውስ ቡና አይደለም ወይ?

«የሰው ዜማ መልሶ መጫወት ምኑ ሙያ ነው?» ይላሉ አንዳንድ ጓደኞቻችን። ነገሩ ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር ከአዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት ጋር ስለሠራው «ትውስታ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ለዓለም ገበያ የቀረበው ይህ አልበም በአብዛኛው የ1950ዎቹንና የ1960ዎቹን ዘፈኖች በማንዶሊን፣ በክላርኔትና በአኮርዲዮን መልሶ ይጫወታል። ማንዶሊኑን የያዙት የዚያው ዘመን ሰው አየለ ማሞ ናቸው።

እኛ የጅማና የአጋሮ ልጆች ግን እንጠይቃለን፦ አቦሉን ጠጥቶ ብድግ የሚል እንግዳ ማን ይወዳል? የቶናው ዱቄት ያው ነው፤ ውኃው ግን አዲስ። አልበሙ ሲከፈት እናቶቻችን ግጥሙን ያንጎራጉራሉ፤ እኛ የምናውቀው እኮ ዜማውን ብቻ ነው። እንግዲህ እነሱ ሳሉ ቃሉን እንጠይቃቸው። በረካውን ማፍላት የኛ ተራ ነውና።