ስለ ዝምተኛው ኪቦርድ

«ይህ የኢንጂነሪንግ ልጆች ጉዳይ ነው» የምትል አነጋገር በአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች አፍ በዝታለች። ኮምፒዩተር ሲቆም፣ ኪቦርድ ዝም ሲል፣ እጃችንን አጣጥፈን ባለሙያ እስኪመጣ እንጠብቃለን። ለእኛ ግን ነገሩ እንዲህ አይመስለንም። አንድ አሮጌ ጽሑፍ ምሥጢሩ አልገለጥ ሲለን ቃሉን ከቃሉ እያስተያየን፣ የማይሆነውን ትርጉም እየጣልን የሚሆነውን እንደምንፈልግ ሁሉ፣ መኪናንም በዚሁ መንገድ መጠየቅ ይቻላል። ለዚህ አባባላችን ምስክር የሚሆነን ባለፈው ነሐሴ በበዴሳ ያየነው ነገር ነው።

በዴሳ በወላይታ ዞን የዳሞት ወይዴ ወረዳ ከተማ ናት። ለክረምቱ ዕረፍት እንደ ወረድን አንዲት ወረቀት ለማሳተም ሁለት ሆነን ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ገባን። ጽሕፈት ቤት እንበለው እንጂ ነገሩ አንድ ክፍል ነው፤ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ባለቤቲቱ 12ኛን ጨርሳ ዕቃውን በዕቁብ ገንዘብ የገዛች ወጣት ናት። በአግዳሚው ላይ አንዲት እናት የፍርድ ግልባጭ በፌስታል ጠቅልለው ተቀምጠዋል። በእንሰት ጓሯቸው ክርክር ተረትተው ይግባኝ ሊሉ ነው፤ ቀኑም በማግሥቱ ያልቃል። በእጅ ጽሑፍ ይሁን እንዳይባል፣ ከመጀመሪያው ክስ አንሥቶ የጉዳያቸው ጽሑፍ ሁሉ ያለው በዚያው ኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ ነው። ልጅቱ ግን የይግባኙን አርእስት እንኳ አልጻፈችም፤ ኪቦርዱ አንዲት ፊደል አልሰጥ ብሏታል።

«ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነው፣ ወንድሞቼ» አለችን። «ሶዶ ላለ ጠጋኝ ብደውልለት ‹ፎርማት ይደረግ፣ አምጪው› አለኝ።»

ፎርማት ማለት በውስጡ ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ መጀመር ማለት ነው። «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» በሚባልበት አገር፣ አይጧን ለማግኘት ምጣዱን የሚሰብር ባለሙያ መብዛቱ ይገርመናል።

ኮምፒዩተሩ የሚሠራው በሊኑክስ፣ ይኸውም ኡቡንቱ በተባለው ዓይነት ነው። ሊኑክስን በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን ያን ጊዜ ዕድሜው 21 ዓመት ነበር፤ ይህን ማንሣታችን አንባቢዎቻችን ጥቂት እንዲቀኑ ነው። ኡቡንቱ ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን ስሙ ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ ነው። ልጅቱ የመረጠችው ግን ለታሪኩ ብላ አይደለም። ደንበኛ ሁሉ ፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ከፍላሹም ጋራ ቫይረስ፤ ዊንዶውሱ በየሳምንቱ እየታመመ ቢያስቸግራት ነው። ከዚህም ሌላ ሊኑክስ ያለ ዋጋ ይገኛል።

መጀመሪያ ያደረግነው ሰነዶቹን ማዳን ነበር። ማውሱ ይሠራ ስለ ነበር በማውስ ብቻ እየጎተትን የእናቲቱንም የሌሎቹንም ጽሑፍ በፍላሽ ገለበጥን። ከዚያ በኋላ የኪቦርዱን ገመድ ነቅለን በሌላ ቀዳዳ ሰካነው፤ ዝም። ከጎረቤት ሱቅ ሌላ ኪቦርድ ተዋስን፤ እሱም ዝም። እንግዲህ ሁለት ኪቦርድ በአንድ ቀን አይሞትምና ጥፋቱ ከቁልፎቹ ሳይሆን ከኮምፒዩተሩ ወገን ነው ማለት ነው።

ልጅቱ «ባጠፋው ባይነሣስ» ብላ ስለ ፈራች እስከዚያ ሰዓት አላጠፋችውም ነበር። አሁን ሰነዱ ስለ ተረፈ አጥፍተን አበራነው፤ በዚህም ከሁሉ የበለጠ ምስክር አገኘን። የመግቢያው ገጽ የይለፍ ቃሏን ሲጠይቃት፣ በዚያው ዲዳ በተባለው ኪቦርድ ጻፈችው፤ ነጥቦቹ አንድ በአንድ ወጡ፣ በሩም ተከፈተ! ከገባን በኋላ ግን እንደ ገና ዝም አለ። ወጥተን ተመልሰን፣ ከመግቢያው ገጽ ላይ ሳለን ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 የተባሉትን ቁልፎች አብረን ብንጫን ጥቁሩ የጽሑፍ ገጽ መጣ፤ በዚያም ላይ ፊደሉ እንደ ውሃ ወረደ። ስለዚህ ዕቃው ጤና ነው፤ የታመመው በልጅቱ ስም የሚከፈተው ገጽ ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ ከትዕግሥት በቀር የኢንጂነሪንግ ዲግሪ አላስፈለገንም።

ያን ጊዜ ጥርጣሬያችን ወደ አማርኛው መጻፊያ ዞረ። ፊደላችን ለመኪና ሁልጊዜ ፈተና ነው። ከጣልያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ የጽሕፈት መኪናን ለአማርኛ ሲያበጁ፣ ከ200 በላይ የሆነውን የፊደል ሠራዊት ለጥቂት ቁልፎች ማስገዛት ነበረባቸው። ዛሬ ችግሩ በሌላ መንገድ ተቃልሏል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ገብቶ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አግኝቷል፤ በሊኑክስ ላይም አይባስ የተባለ አስተርጓሚ በላቲን ቁልፍ የተጫንነውን ድምፅ ተቀብሎ ወደ ፊደላችን ይመልሰዋል። ወላይትኛ ግን የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለ ሆነ፣ ልጅቱ በቀን ብዙ ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ትሻገራለች። ምናልባት አስተርጓሚው በመሻገሪያው ላይ ተሰናክሎ ይሆን ብለን በማውስ ከአማርኛ ወደ ላቲኑ አዞርነው፤ ዝም። ወደ አማርኛው መለስነው፤ ዝም። አስተርጓሚው በነጻ ተሰናበተ።

እናቲቱ ይህን ሁሉ ሲመለከቱ ቆይተው ተነሡና በወላይትኛ «እኔስ ልንካው?» አሉ። ልጅቱም ፈገግ ብላ «ይንኩት እማማ» አለቻቸው። እሳቸው እንደ እኛ ቶሎ ቶሎ አልመቱም፤ የሥራ ብዛት ያጎበጠውን ጠቋሚ ጣታቸውን በአንዲት ቁልፍ ላይ አሳርፈው ቆዩ። በገጹ ላይ «ልልልልልልል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። እልልታ ይመስል ነበርና ሁላችንም ሳቅን። እማማ ብቻ አልሳቁም፤ ጣታቸውንም አላነሡም።

ነገሩ በዚህ ተገለጠ። ለችኩል ጣት ዝም ያለው ኪቦርድ ለዝግተኛው ጣት መለሰ። በኮምፒዩተሩ ማስተካከያ ውስጥ፣ ለአካል ጉዳተኞች እርዳታ በተለየው ክፍል፣ «ዝግተኛ ቁልፎች» ልንለው የምንችል ነገር አለ። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሳያስበው የነካው ቁልፍ ሁሉ እንዳይጻፍበት፣ ጣቱ ለቅጽበት ያህል ካልቆየ ኮምፒዩተሩ አይቀበልም። ማብሪያውም በማውስ ብቻ አይደለም፤ አቋራጩ ከተፈቀደ የቀኙን ሺፍት ለ8 ሴኮንድ ተጭኖ መያዝ ይበቃል። ልጅቱ ጠዋት ቤቱን ስትጠርግ ከባዱን የሒሳብ መዝገብ በኪቦርዱ ቀኝ ጫፍ ላይ አስቀምጣው ነበር። ማስተካከያውም በእርሷ ስም የሚመዘገብ ስለ ሆነ የመግቢያው ገጽም ጥቁሩ ገጽም አልነካቸውም። እኛ እንደሚመስለን እንዲህ ያለ ነገር ሲበራ በአማርኛም በወላይትኛም ጮኾ ሊናገር ይገባ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ማስታወቂያ፣ መጥረጊያ ይዛ ጀርባዋን ለሰጠች ሴት ምን ይረባታል?

በማውስ አንድ ጊዜ ጠቅ አድርገን አጠፋነው። ከዚያ በኋላ እማማ በወላይትኛ ሲናገሩ ከእኛ አንዱ ወደ አማርኛ እየመለሰ ልጅቱ ጻፈች። ብዙውን ነገር ለእኛ ተዉልን፤ ነገር ግን ባላቸው በሕይወት ሳሉ የተከሉት እንሰት በየትኛው ወሰን እንደ ቆመ ሳይጻፍ ጣታቸውን አናትምም አሉ። የፊተኛው ፍርድ ይህን አላነሣውም ነበር፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ አስነብበው በመጀመሪያው አንቀጽ አስገቡት። ሦስት ቅጂ ወጣ። ልጅቱ ዋጋ አልቀበልም ብትል እሳቸው ሳንቲሙን በማተሚያው ላይ አኑረው በዝናቡ ሄዱ።

በማግሥቱ ማታ ከሶዶ ሲመለሱ የመዝገብ ቤቱ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ከፌስታሉ አውጥተው አሳዩን፤ ለመስከረም 22 ተቀጥሮላቸዋል።