በፌስታል የመጣው መልእክት

የልጅ ልጄን መዋዕለ ሕፃናት የማመላልሰው እኔ ነኝ። እናቱ ሥራ ውላ ማታ ስትገባ ኮሚኒኬሽን ቡኩን ከፍታ ታነባለች፣ ትፈርማለች። በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ እኔን አይመለከተኝም ብዬ ትቼው ነበር።

ጥቅምት ላይ ልጁ እርጥብ ሱሪ በፌስታል ተቋጥሮለት መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ በሳምንት ሁለቴ፣ ከዚያ በየቀኑ። ደብተሩ ላይም «ሽንት ቤት መጠቀም ቤት ውስጥ አለማምዱት» የሚል ማሳሰቢያ መጣ። ልጄ አፈረች። በሁለት ዓመት ከመንፈቁ ዳይፐር የጣለ ልጅ በአራት ዓመቱ? መፍትሔ ያልነውን ስናገረው ዛሬም ይከብደኛል፤ ጠዋት ጠዋት ውሃ ከለከልነው። ኮዳውንም ባዶውን ላክነው። ልጁ ከንፈሩ ደርቆ ይመለስ ጀመር፤ ሱሪው ግን አልደረቀም።

አንድ ቀን በር ላይ ፌስታሉን የምታቀብለኝ ሞግዚት ወዲያ ወዲህ አይታ፣ «እማማ፣ ውሃ አይከልክሉት» አለችኝ። «ሽንት ቤት ለመሄድ በእንግሊዝኛ መጠየቅ አለባቸው። እሱ በአማርኛ ይጀምርና ልጆቹ ሲስቁበት ዝም ይላል። ከዚያ ያመልጠዋል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ?»

«ከወላጅ ጋር የሚያወሩት መምህራን ናቸው። ለእኛ አይፈቀድልንም።»

ልብሱን የምትቀይርለት፣ ምሳውን የምታበላው፣ ሲያለቅስ የምታቅፈው እኮ እሷ ናት!

በማግስቱ ከልጄ ጋር ሄድን። ሞግዚቷን እንዳናስወቅሳት ብለን «ልጆቹ ሽንታቸው ሲመጣ እንዴት ነው የሚጠይቁት?» ብቻ ብለን ጀመርን። መምህርቷ ልጅ እግር ናት፤ ነገሩ ሲገባት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቤት ውስጥ አንድ ችግር የገጠመው መስሏት ኖሯል። እኛ ደግሞ የቀበጠ መስሎን ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «በወላጆች ስብሰባ ላይ ክፍል ውስጥ አማርኛ እንዳይወራ የጠየቃችሁት እኮ እናንተው ናችሁ» አለች። ልጄ አቀረቀረች። እጃቸውን ካወጡት አንዷ እሷ ነበረች። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን እንኳ በአካባቢው ቋንቋ እንዲሠለጥኑ ነበር ያለው፤ እኛ ግን የምንከፍለው ለእንግሊዝኛው ነው።

ሽንት በየትኛውም ቋንቋ እንዲጠየቅ ተስማማን። ልጄ ደብተሩ ላይ በአማርኛ ጻፈች፣ መልሱም በአማርኛ መጣ። አሁን እኔም መነጽሬን አድርጌ አነበዋለሁ። ሞግዚቷ እንድታናግረን ግን ርእሰ መምህሯ አልፈቀዱም፤ «ወሬ ይበዛል» አሉ። እኛም በር ላይ ሰላምታችንን ማስረዘም ለምደናል። እኔ «እንዴት ዋላችሁ?» እላለሁ፤ እሷ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ምሳችንን ጨርሰናል» ትላለች።

ቅያሪ ሱሪ አሁንም ቦርሳው ውስጥ እከታለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን አስፈልጎ ነበር። ጨዋታ ይዞት ነው አለችኝ።