ለልደት ድፎ ዳቦ

የልጆቼ ልደት ሲደርስ ቤታችን በጥቁር አዝሙድና በኮባ ሽታ ይታወዳል። ኬኩን ከኬክ ቤት እናዛለን፤ ሻማውም የሚተከለው እሱ ላይ ነው። ድፎ ዳቦው ግን ሁሌም እቤት ይጋገራል።

ሊጡ ማታ ይቦካል። ጠዋት ትልቋ ልጄ ኮባውን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች፤ ትንሹ ጥቁር አዝሙዱን ከሊጡ እኩል መሬቱም ላይ ይበትናል። ኮባው ትንሽ እሳት ሲያይ ይለሰልስና ሳይቀደድ ምጣዱ ላይ ይነጠፋል። ሊጡ ይገለበጥበታል፣ ከላይም በኮባ ይሸፈንና አክንባሎው ይከደናል።

እዚህ ሐዋሳ የእንሰት ቅጠል የሆነው ኮባ ብርቅ አይደለም፤ እንሰት የሲዳማ ምድር ሲሳይ ነው። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ በተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፊቼ ጫምባላላ በዓልም ቤተሰብ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ምግብ አብሮ ይበላል፤ ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ ጎረቤትን «እንኳን አደረሳችሁ» ይላሉ። ልጆቼ ይህን እያዩ በማደጋቸው ደስ ይለኛል።

ድፎውን የሚቆርሱት አያታቸው ናቸው። ቢላውን ከማንሳታቸው በፊት «እደግ፣ ተመንደግ! ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ!» ብለው ይመርቃሉ። ልጆቹ «አሜን!» ሲሉ ቤቱ ይደምቃል። ከዚያ ትልቋ ልጄ በሳህን እየያዘች ለጎረቤት ታደርሳለች።

ፊኛው በማግስቱ ይተነፍሳል፣ መጫወቻውም ይሰበራል። በገዛ እጁ አቡክቶ ለሰው ያበላ ልጅ ግን መስጠትን እያወቀ ያድጋል። ወላጆች፣ በመጪው ልደት እባካችሁ ልጆቻችሁን ጓዳ አስገቧቸው፤ ሊጡን ይንኩት።