የመስመሩ ጫፍ

ዩኔስኮ በ2006 ዓ.ም. በመዘገበው የመስቀል በዓል፣ መስከረም 16 በደመራው ዕለት ለሰንበት ተማሪዎች ትርኢት ነጥብ የሚሰጥ ዳኛ የለም። ዳኞቹ ቴሌቪዥን ፊት የተደረደርነው ቤተሰቦች ነን፤ ቃሊቲ እኛ ቤት ክርክሩ ከድፎው በፊት ይቆረሳል። ብዙዎች የሚያጨበጭቡት በልጆቹ ሰልፍ የመስቀሉ ቅርጽ ተሠርቶ ሲያልቅ ነው። እኔ ነጥቤን የምሰጠው ቅርጹ ሲለወጥ ነው። ቆሞማ ማን የማያምር አለ!

ዘንድሮ ልጄ የመስቀሉ ክንድ ጫፍ ላይ ተመድባ አኩርፋ ገባች። «እማዬ፣ የሚታዩት እኮ መሃል ያሉት ናቸው።»

በማግስቱ ልምምዳቸውን ላይ ሄድኩ። የነሐሴ ጭቃ ጫማ ያስቀራል። ክንዱ በከበሮው ምት ሲዞር መሃል ያለችው ልጅ ባለችበት ትረግጣለች፤ የእኔዋ በዚያው ምት ሰፊውን ዙሪያ መጨረስ አለባት። አንድ ምት ብትዘገይ መስመሩ ይጎብጣል። ከበሮው ሲፈጥን ልትሮጥ ምንም አልቀራትም፤ መስመሩ ግን አልጎበጠም።

ማታ ያየሁትን ስነግራት፣ «ታዲያ ለምን ረጅም ልጅ አያደርጉም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። መምህሯን እንድትጠይቅ ላክኋት።

«ምት ስለማትስቺ ነው» አላት።

ከዚያ ወዲህ ሳሎናችን ውስጥ ማለፊያ የለም።