አቦል በኽምጣጛ

በአገራችን ስለ ቋንቋ ከመከራከር የቀለለ፣ ቋንቋ ከመማር የከበደ ነገር ያለ አይመስልም። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት ዘንድ እኩል እውቅና እንዳላቸው ከደነገገ ወዲህ ያችን ዐረፍተ ነገር ያልተነተነ ፖለቲከኛ የለም። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጎን የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ የሚያስችል ፖሊሲ ባጸደቀ ጊዜም ደጋፊውና ተቃዋሚው እኩል ጮኸ። እኔ ለሁለቱም ወገን አንዲት ትንሽ ጥያቄ አለችኝ። ውድ አንባቢ፣ አማርኛ ተናጋሪውን የከተማ ምሁር ማለቴ ነው፣ ከሰማንያ ከማያንሱት የኢትዮጵያ ቋንቋዎች መካከል ከአማርኛ ሌላ በአንዱ እንኳ የታመመ ሰው ለመጠየቅ የሚበቃ ቃል አለዎት?

ነገሩ እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ ቢሆን ኖሮ መልሱ ሌላ በሆነ። ለእነዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርት ቤት አለ፣ የባህል ማዕከል አለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማኪያቶ ይዘው ከውጭ አገር ሰው ጋር የሚለማመዱ ወጣቶችም አሉ፤ እኔ የኔን ላስተምርህ፣ አንተ ያንተን አስተምረኝ በሚል ስምምነት። አውሮፓውያን ይህን ልማድ «ታንደም» ይሉታል፤ ስሙ የተወሰደው ሁለት ሰዎች ፊትና ኋላ ተቀምጠው ከሚነዱት ብስክሌት ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ልማዱን ካስፋፉት መካከል አባቶቻቸው በጦር ሜዳ የተጨራረሱ የጀርመንና የፈረንሳይ ወጣቶች ይገኙበታል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

በ2011 ዓ.ም. ሥራ ለስምንት ወራት ወደ ጋዝጊብላ ወሰደኝ። ጋዝጊብላ በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ያለች ደጋማ ወረዳ ናት፤ ከተማዋ አስከተማ ትባላለች። አዲስ አበባ ላይ የዋግ ስም የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከድርቅ ጋር ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የገባውን ቃል እንኳ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ሰየመው። ይህች አገር ከዛጉዌ ነገሥታት የሚወለዱ ዋግሹሞች የገዟት፣ በ1860ዎቹም ዋግሹም ጎበዜን አፄ ተክለ ጊዮርጊስ አሰኝታ ዙፋን ላይ ያወጣች መሆኗን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የራሷ ቋንቋ እንዳላት የሚያውቀውማ ከዚያም ያንሳል።

ቋንቋዋ ኽምጣጛ ነው፤ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ። ዘመዶቹ የአዊዎች አውንግኛ፣ በኤርትራ በከረን ዙሪያ የሚነገረው ብሊን፣ እንዲሁም ቅማንትኛ ናቸው። ኦስትሪያዊው ሊዮ ራይኒሽ በ1884 እ.ኤ.አ. ስለ ቋንቋው አሳትሟል፤ ዴቪድ አፕልያርድ በ1987፣ ክሎዬ ዳርሞን ደግሞ በ2015 ሰዋስዉን መርምረዋል። ከቪየናና ከለንደን የተመለከቱት ቋንቋ ከእኛ ቤት በአንድ ቀን ተኩል የአውቶቡስ መንገድ ላይ ይነገራል።

አስከተማ ላይ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው እመቤት ቤት ቡና እንጠጣ ነበር። የሚሰበሰቡት እናታቸው፣ የመሰናዶ ተማሪ የሆነች ልጃቸው፣ ጎረቤቶች፣ ከአዊ የመጣ አንድ መምህርና እኔ ነን። ኽምጣጛ መማር እንደምፈልግ ስናገር ቤቱ ሳቀ። «ልጄ፣ የኛን ቋንቋ ምን ያደርግልሃል? እኛ ያንተን እናውቀው የለም እንዴ!» አሉኝ እትዬ።

እውነታቸውን ነው። የቋንቋ ልውውጥ እንዳይባል፣ እኔ የምሰጣቸው ነገር አልነበረም፤ አማርኛን እንደሆነ በትምህርት ቤት፣ በገበያ፣ በፍርድ ቤት ተምረውታል፤ መማሩ ምርጫ ሆኖ የቀረበላቸውም አልነበረም። እነርሱ ድርሻቸውን አስቀድመው ከፍለዋል። የቀረው የኔ ወገን ድርሻ ነበር።

መፍትሔውን ያገኘችው ተማሪዋ ናት። የእሷ ጭንቀት እንግሊዝኛ ነበር፤ ፈተና ይጠብቃታል። ስለዚህ ቡናውን ለሦስት ከፈለችው፤ አቦሉ በኽምጣጛ፣ ቶናው በእንግሊዝኛ፣ በረካው በአማርኛ። ደንቡን የጣሰ ለሚቀጥለው እሑድ ቡና ወይም ስኳር ይዞ ይመጣል። ደንቡ ያስፈለገው ለኔ ሳይሆን ለእነርሱ ነበር። ቋንቋ ጀማሪ ካለበት ጉባኤ የሚገጥመው ትልቁ እንቅፋት የሰው ደግነት ነውና፤ እንግዳው እንዳይቸገር ተብሎ ወሬው ሁሉ ወዲያው ወደ አማርኛ ይዞራል። እንግዳን ማክበር ባህላችን ነው፤ ነገር ግን በዚህ ክብር ውስጥ አንድ ቋንቋ በገዛ ቤቱ ጓዳ ሲገባ በዓይኔ አየሁ።

በአቦል የተማርኩት ብዙ አይደለም። «ሁለት» ሊጛ ነው። በዚያች ቃል ውስጥ ያለው ድምፅ በአማርኛ ፊደል ገበታ ላይ የራሱ ምልክት የለውም፤ የአገው ቋንቋዎች ግን «ጘ» የሚል ፊደል አላቸው፤ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በኮምፒዩተር የፊደላት መለያ ውስጥ ተመዝግቧል። ድምፁን ለማውጣት «አንገት» ማለት ይጀምሩና «ገ» ላይ ሳይደርሱ ያቁሙ፤ አፍዎ ውስጥ የቀረው እርሱ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ዕድሜ ልኩን ሳያውቀው ሲለው ኖሯል። የአዊው መምህር ሊጛን ሲሰማ ከመቀመጫው ተነሣ፤ በእርሱ አገር ላጛ ነውና። በጎጃምና በዋግ መካከል ስንት ተራራ እንዳለ የሚያውቅ ሰው የደስታው ምክንያት ይገባዋል።

ሌላው የገረመኝ የዐረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። ግሡ እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። አማርኛ በዚህ ጠባዩ ከግዕዝ የራቀው በኩሻዊ ቋንቋዎች፣ በተለይም በአገው ተጽዕኖ መሆኑን የቋንቋ ሊቃውንት ሲናገሩ ቆይተዋል። እንግዲህ የባዕድ ቋንቋ ልማር ብዬ የገባሁበት ቤት የራሴን ቤት ምሰሶ ያቆሙ ሰዎች ቤት ሆኖ አገኘሁት።

ከሁሉ በላይ ግን የእትዬን እናት ልንገራችሁ። አማርኛቸው ከገበያ አያልፍም፤ ስለዚህ የማያውቋቸው ሁሉ «ዝምተኛ እናት ናቸው» ይሏቸዋል። አቦሉ በኽምጣጛ ከሆነ ወዲህ ግን እማማ የቤቱ ዋና ተራቢ ሆነው ወጡ። እርሳቸው አንድ ቃል ጣል ሲያደርጉ ጎረቤት ሁሉ ስኒውን አስቀምጦ ይስቃል፤ የሚተረጉምልኝ እስኪገኝ እኔ ብቻ ዝም እላለሁ። ዝምታ የሰው ጠባይ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የቋንቋ ጉዳይ መሆኑን ያስተማረችኝ ያች የአቦል ሰዓት ናት። አንድ የተማረ ሰው በሳምንት ለግማሽ ሰዓት ዝምተኛ ቢሆን አገሩን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው ዓመት አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ አንዲት አሮጊት በዐሥር ዓመት የልጅ ልጃቸው አስተርጓሚነት ሲመረመሩ ደረስኩ። ባለሙያው ትሑት ሰው ነው፤ ከሌላ አካባቢ የተመደበ። ስለ ማህፀን ሲጠይቅ ልጁ መሬት መሬት አየ፤ አያቱም ለልጁ የማይነገረውን ሳይናገሩ ወጡ። አንቀጽ 5 በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ባለሙያው ዐሥር ጥያቄዎችን ብቻ በኽምጣጛ ቢያውቅ ኖሮ አያት በሽታቸውን ራሳቸው በነገሩት ነበር።

«ለዚህ ጥቂት ሕዝብ?» የሚል አይጠፋም። በ1987ቱ ቆጠራ ኽምጣጛን አፍ መፍቻ ያደረገው ሕዝብ ከ140 ሺህ በላይ ነበር። በዚያው ቆጠራ ቅማንትኛ አፍ የፈቱት ግን ከ2,000 ያነሱ ነበሩ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ቋንቋ በአዋጅ ብቻ እንደማይሞት ይረዳዋል፤ የሚሞተው ተናጋሪው ለልጁ ምን ይጠቅመዋል ብሎ በዝምታ የተወው ዕለት ነው። በዋግ ልጆች በኽምጣጛ እንዲማሩ መደረጉ ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና ሥራና ዩኒቨርሲቲ በሌላ ቋንቋ እስከሆኑ ድረስ ወላጅ ቢያመነታ ማን ይፈርድበታል? የቡና ላይ ትምህርት ፖሊሲን አይተካም። ነገር ግን ከውጭ የመጣ ሰው ቋንቋውን ሊማር ሲቀመጥ ልጆቹ ያዩታል፤ ያ ማየት በየትኛውም መመሪያ አይገኝም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2013 መጨረሻና በ2014 ሰቆጣን ጨምሮ የዋግ ወረዳዎች የውጊያ ሜዳ ሆኑ፤ ከአበርገሌና ከዝቋላ ብዙ ሰው ተፈናቀለ፤ ስልክም ጠፋ። የእሑዱ ጉባኤ ተበተነ። መስመሩ ሲመለስ ተማሪዋ ደወለች። ሰላምታዋ በኽምጣጛ ነበር፤ እኔም በዚያው መለስኩ። እማማ በሕይወት መኖራቸውን የነገረችኝም በአቦሉ ቋንቋ ነው፤ ያለ አስተርጓሚ ገባኝ። ከአባቶቻቸው ጦርነት በኋላ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሊማር የተቀመጠው የአውሮፓ ወጣት ያኔ ትዝ አለኝ። የጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ጠመንጃውን ለማስቀመጥ ተፈረመ፤ አጠገብ ለአጠገብ ቁጭ ብሎ ቃል ለመቀባበል ግን የሚፈረም ወረቀት የለም። ይህ የየግላችን ሥራ ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለውን የቋንቋ ክርክር ከመጀመርዎ በፊት ጎረቤትዎን፣ የሥራ ባልደረባዎን፣ የዘበኛዎን ቤተ ሰብ ይጠይቁ። አፍ የፈቱበት ቋንቋ ከአማርኛ ሌላ ከሆነ ጀበና ይጣዱና አቦሉን ለእነርሱ ይልቀቁላቸው። በበረካው እንከራከራለን።

ቸር እንሰንብት።