ስለ አባ ሰንጋ መርዝ፤ ለባለ ቤቶች የተጻፈ

በአንኮበር ቁልቁለትና በደብረ ብርሃን ሜዳ በሬ የቤቱ ምሰሶ ነው። በሬው የሞተበት ገበሬ እርሻው ይታጐልበታልና ሥጋውን ደግሞ ቀብሮ ሁለት ጊዜ መክሰር ይጨንቀዋል። እኛም በችሎት ጸሐፊነታችን፥ ድንገት የሞተ በሬ ሥጋ በርካሽ ተሸጦ ገዢዎቹ በታመሙ ጊዜ የተነሣውን ክርክር በእጃችን ጽፈናል። ዳኛው ስለ ገንዘቡ ፈረደ፤ በሽታው ግን ከቤት ቀረ። ስለዚህ ነገሩን መርምረን ያገኘነውን ለባለ ቤቶች ልንገልጽ ወደድን።

አባ ሰንጋን የሚያመጣው ባክቴሪያ መሆኑን የጀርመን ሐኪም ሮበርት ኮክ በ1876 እ.ኤ.አ. አስረዳ። የባክቴሪያው መርዝ ሦስት ክፍል አለው፤ አንዱ እንደ ቁልፍ የሕዋሱን ደጅ ይከፍታል፥ ሁለቱ ገብተው ያጠፋሉ። ያለ ቁልፉ ሁለቱ ጉዳት የላቸውም። መርዙ ከሚይዛቸውም መካከል ሰውነትን የሚጠብቁት ነጭ የደም ሕዋሳት ይገኛሉ፤ ዘበኛው ከታሰረ ቤቱን ማን ይጠብቀዋል?

መርዙ የሚጣበቅባቸውን ሁለት ዓይነት ደጆች ሊቃውንት በ2001 እና በ2003 እ.ኤ.አ. ለይተው አወቁ። መጣበቁንም እንዲህ ይለኩታል። ቁልፉን በሚያበራ ቀለም ነክረው፥ መጠኑን እየጨመሩ ከሕዋሳት ጋር በብርድ ያቈዩታል፤ ብርዱ መርዙ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ያልተጣበቀውን አጥበው፥ ሕዋሳቱን አንድ በአንድ በጨረር ፊት ያሳልፋሉ፤ የብርሃኑም ብዛት የተጣበቀውን መርዝ ልክ ይናገራል። ደጆቹ ሁሉ ሲያዙ ብርሃኑ መጨመሩን ያቆማል። ግማሾቹን ለመያዝ ጥቂት መርዝ ከበቃ፥ መጣበቁ ብርቱ ነው ማለት ነው።

ይህ ልኬት ከንቱ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው ራክሲባኩማብ የተባለው መድኃኒት ቁልፉን ይዞ ከደጁ እንዳይደርስ ይከለክላል።

የእኛ ቤት መከላከያ ግን ከዚህ ይቀድማል። ከብቱ ድንገት ቢሞትና ከአፍንጫው የማይረጋ ደም ቢወጣ አይገፈፍ፥ አይበለት፤ ሬሳው ሲከፈት ባክቴሪያው አየር አግኝቶ በአፈር ብዙ ዘመን የሚኖር ዘር ይሆናልና። ለእንስሳት ሐኪም ይነገር፥ በጥልቅ ይቀበር። በሰው ቆዳ ላይ የማያም ጥቁር ቅርፊት ያለው ቍስል ቢታይ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይኬድ። የከብቱም ክትባት በቢሾፍቱ፥ በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራል።

ጐረቤቶችም ሥጋውን በመግዛት ፈንታ በሬ የሞተበትን ሰው በማረሻ ቢያግዙት፥ ክርክሩም ሕመሙም ይቀራል።